ከዝርዝሩ የሰረዝኩት የወገዳ ቡድን

ንፋስ መውጫ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1999 ዓ.ም.

ውድ ትርሲት፣

ከሁሉ አስቀድመሽ ልታውቂው የሚገባሽ ነገር ይህ ነው፦ የወገዳን የኮምፒውተር ተጠቃሚዎች ቡድን ከአገር አቀፉ ኅብረት ዝርዝር ያወጣው አዲስ አበባ አይደለም። እኔ ነኝ። በየካቲት «ለምን እንደረሱን ጠይቁልን» ብለሽ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ስምንት ወር ሙሉ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። ማንንም አልጠየቅሁም፤ የሚጠየቀው ሰው እኔ ስለነበርኩ።

ነገሩን በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ሌላ አጻጻፍ አልችልበትም።

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ዳንኤል የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ከአዲስ አበባ ጻፈልኝ። በየከተማው ኮምፒውተር የሚማማሩ ሰዎችን በአንድ አገር አቀፍ ኅብረት ለማያያዝ አስቦ፣ የጋይንትን፣ የስማዳንና የእስቴን ቡድኖች የመመዝገቡን ሥራ ለእኔ ሰጠኝ። ደስ አለኝ። ቅጹን ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ። ሁለት መስፈርት አወጣሁ፦ ቢያንስ አንድ የሚሠራ ኮምፒውተር፣ በወር ቢያንስ ሁለት ስብሰባ። ስብሰባ ማለት ኮምፒውተር ተከፍቶ የተሠራበት ቀን ነው ብዬ ከግርጌው ጻፍኩ። ያን ጊዜ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር።

አምና በኅዳር ወገዳ የመጣሁበትን ቀን ታስታውሻለሽ። ከአርብ ገበያ ከተማ ወዲያ መንገዱ አጥንቴን አላልቶት፣ አቧራ ለብሼ ደረስኩ። ጀኔሬተራችሁ ከተበላሸ ሁለት ወር ሆኖት ነበር፤ ኮምፒውተሩም በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኖ ጥግ ይዟል። እናንተ ግን አስራ አንድ ሆናችሁ አግዳሚ ላይ ተቀምጣችኋል። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ከፊታችሁ ቆመው «የግራ ሌባ ጣት!» ሲሉ «ፈ!» ትላላችሁ። «የመሀል ጣት!» «ደ!» «የቀለበት ጣት!» «ሰ!» «ትንሿ!» «አ!» በየፊደሉ ጣቶቻችሁ ጉልበታችሁ ላይ ይወርዳሉ። ኪቦርዱን እንደ ዳዊት በቃላችሁ ታጠኑት ነበር።

ቆሜ አየሁና፣ «ይኼ የዜማ ቤት ነው እንጂ የኮምፒውተር ቡድን አይመስለኝም» አልኩ።

መሪጌታ አልተቆጡም። «ኧረ መምህር! ዳዊት የሚደግም ሁሉ መጽሐፉን ገልጦ ነው እንዴ? እርስዎስ የማባዛት ሠንጠረዡን ኪስዎ ይዘው ነበር የሚዞሩት?»

ሁላችሁም ሳቃችሁ። አንቺም አፍሽን በነጠላሽ ሸፍነሽ ሳቅሽ።

ክፉ ሳቅ አልነበረም። እኔ ግን ሰላሳ አራት ዓመት ያስተማርኩ ሰው፣ በተማሪዬ ፊት የተዋረድኩ መሰለኝ። እዚያው ቅጹን አውጥቼ «የሚሠራ ኮምፒውተር፦ የለም። ስብሰባ፦ የለም» ብዬ ሞላሁ፤ ስማችሁንም ከዝርዝሩ ሰረዝኩ። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው በራሴ የግርጌ ማስታወሻ መሠረት ትክክል ነበር፤ የጻፍኩት ግን አስራ አንድ ሰው ተሰብስቦ ፊቴ ተቀምጦ ነው። ያስጻፈኝ ደንቡ ነው ወይስ ሳቁ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ደንቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለደብዳቤሽ በማግሥቱ መልስ እሰጥ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሽ የሒሳብ ፈተናሽን ይዘሽ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥተሽ፣ «ጋሼ፣ ሁለት ነጥብ ጎድሎብኛል» ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? እንደገና ደመርኩት፤ እውነትሽን ነበር። ስህተቴን ለክፍሉ ተናግሬ አረምኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሰው ሲያረጅ ጥፋቱን ማመን ይቀለዋል ብዬ አስብ ነበር። አይቀልም።

በሰኔ ደግሞ የቡድናችሁ አባል ታደለች፣ ገብስ ነጋዴዋ፣ ለጉዳይ ንፋስ መውጫ መጥታ ወደዚህ ቡድናችን የኮምፒውተር ክፍል ገባች። የእድሯን ቃለ ጉባኤ በኮምፒውተር ልትጽፍ ፈልጋ ነው። የእኛ ኪቦርድ ፊደሎቹ ተፍቀው ጠፍተዋል፤ አባሎቻችን እየገመቱ ነው የሚነኩት። እሷ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ ሁለት ገጽ ጽፋ ጨረሰች።

«የት ነው የተማርሽው?» አልኳት።

«እርስዎ የዜማ ቤት ያሉት ቦታ ነዋ!» አለችኝና ወረቀቷን አጥፋ ወጣች።

ያኔም አልጻፍኩልሽም።

አሁን ደክሞኛል። ከመዘገብኳቸው አምስት ቡድኖች የአርብ ገበያው ተዘግቷል። የእስቴው ሰብሳቢ ባሕር ዳር ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ቁልፉን የተረከበው ሰው የለም። ሁለቱ መልስ ከሰጡኝ ዓመት አልፏል። የእኛው ቡድን አራት ኮምፒውተር አለው፤ ባለፈው ቅዳሜ የተገኘነው ግን እኔና ዘበኛው ነን። የወገዳ መኪና ሹፌር ሞላ እንደሚነግረኝ፣ ጀኔሬተሩ እስከ ዛሬ ሳይጠገን እናንተ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ትሰበሰባላችሁ። ይህን ሁሉ ዓመት የለፋሁበት ሥራ ያለው እናንተ ዘንድ ነው፤ እኔ ደግሞ ያወጣሁት እናንተን ነው።

ኅብረቱ በኅዳር አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ ይመሠረታል። ዝርዝሩ ላይ የሌለ ቡድን ድምፅ የለውም፤ ኅብረቱ ከሚያከፋፍለው ኮምፒውተርና ጀኔሬተርም አይደርሰውም። ዝርዝሩ የሚዘጋው ጥቅምት 20 ነው። ትናንት ለዳንኤል ደውዬ ያደረግሁትን ነገርኩት። «ጋሽ ገብረ ሥላሴ፣ ማረሚያውን በጽሑፍ ይላኩልኝ። የአባላቱ ስምና ፊርማ፣ የተሰበሰቡባቸው ቀኖችም አብረው ይምጡ» አለኝ። ማረሚያውን ጽፌ ፈርሜበታለሁ፤ ኮምፒውተሩ አለመከፈቱ ከዝርዝሩ እንዳያስቀራችሁ ጠይቄ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነም ገልጫለሁ። ግልባጩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታገኚዋለሽ፤ ለመሪጌታና ለአባላቱ ሁሉ አንብቢላቸው። ከአካባቢያችን ወደ ጉባኤው የሚሄደው አንድ ሰው ነው፤ ቦታው የእኔ ነበር። ለአንቺ እንዲሰጥ ጠይቄአለሁ። ጉልበቴም መንገዱን አይችለውም፤ ዋናው ምክንያት ግን እሱ አይደለም።

ከአንቺ የምፈልገው የአባላቱን ስምና ፊርማ፣ ካለፈው ኅዳር ጀምሮ የተሰበሰባችሁባቸውንም ቀኖች ነው። ያልተመዘገበ ቀን ካለ በግምት አትሙሉት፤ በእርግጥ የምታስታውሱትን ብቻ ጻፉ። ሞላ ሐሙስ ጠዋት ከወገዳ ይነሳል፤ ለእሱ ስጪው፣ እኔ መናኸሪያ ሆኜ እጠብቀዋለሁ።

ይቅርታ ለማድረግ ቢከብድሽ አይገርመኝም፤ ለእሱ ጊዜ አለ። ለዝርዝሩ ግን የለም። እባክሽ ትርሲት፣ ተቆጥተሽም ቢሆን እስከ ሐሙስ መልሽልኝ።

አስተማሪሽ የነበርኩት
ገብረ ሥላሴ