ዘጠኝ ቤት ወንፈል

ኅዳር 9፣ ረቡዕ፣ ማለዳ
ዛሬም ሁለት ሹራብ፣ በላዩ ጋቢ። የባልዲው ውኃ ፊቱ በረዶ ሠርቷል። ካርቱም ብሆን ይሄኔ ደጅ አልጋ ዘርግቼ ተኝቻለሁ። ደብረ ታቦር ከገባሁ ወዲህ፣ ደብተሬ፣ እግሬ ሞቆ አያውቅም። ጎረቤቶቼ ግን "አገርሽ ገባሽ" ይሉኛል። ድንቄም! ተወልጄ ያደግኩት ሱዳን፤ ይሄን አገር የማውቀው በአባቴ ወሬ ነው።
ወደ ጉና የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ። ከዚያ ዳገት በእግር። አራተኛ ክፍል፣ ሒሳብ። አስተማሪ ለመሆን ገና ልምምድ ላይ ነኝ፤ ልጆቹ ግን ቲቸር ይሉኛል። ደስ ይላል፣ ልዋሽ?

ኅዳር 16፣ ረቡዕ
ኪዳነ ምሕረት። በዓል ስለሆነ ማንም አይመጣም ብዬ ጠመኔ እንኳ አልያዝኩም። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ! ለምን እንደሆነ አልገባኝም።
ነገ ሱፐርቫይዘሩ ከኮሌጅ ይመጣል። የሚያሳልፈኝም የሚጥለኝም እሱ ነው። ቀን ምረጪ ሲለኝ በዓል ያልሆነ ቀን መረጥኩ። ብልጥ ነኝ መቼም። ከወደቅኩ አባቴ ቁርጡን ነግሮኛል፦ ካርቱም፣ አጎቴ ሱቅ ውስጥ።

ኅዳር 17፣ ሐሙስ
ጉድ በል ጎንደር! አምስት ልጅ። ሱፐርቫይዘሩ ባዶ ዴስክ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል።
ለካ የገብስ አጨዳ ነው። በሥራ ቀን ልጅ ሁሉ ማሳ ላይ ነው። በበዓል ማጭድ ስለማይነሳ ያን ቀን ይማራሉ። እኔ በግልባጩ አሰብኩ። የክፍሉ አስተማሪ መ/ር ደሴን ለምን አልነገርከኝም ብዬ ጮህኩበት። መች ጠየቅሽኝ አለኝ። ልቤ ነደደ፤ እውነቱን ስለሆነ ይበልጥ ነደደ።
አንድ ዕድል አገኘሁ፦ የሚመጣው ሐሙስ። ረቡዕ በጊዮርጊስ ይሁንልኝ ብዬ ሱፐርቫይዘሩን ለመንኩ። አይሆንም፤ እሱም ቤት የጊዮርጊስ ማኅበር አለ።

ኅዳር 18፣ ዓርብ
አያ ታከለ ማሳ ሄድኩ። የተማሪዬ የስመኝ አባት ናቸው፣ መንደሩ የሚሰማቸው ሽማግሌ። ልጆቹን ለሐሙስ ይስጡኝ አልኩ። ማጭዳቸውን አላስቀመጡም። የጉና ዝናብ ያንቺን ፈተና አይጠብቅም አሉ። ማልቀስ አማረኝ፤ አላለቀስኩም። በልጆቹ ፋንታ እኔ ልጨድ አልኩ፣ ከአፌ አመለጠኝ።
ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። እንግዲያው ወንፈል ግቢ አሉኝ። ወንፈል ጉልበት መበዳደር ነው፤ ዛሬ እኔ ላንቺ፣ ነገ አንቺ ለእኔ። ማሳ የሚውሉት ተማሪዎቼ ከዘጠኝ ቤት ናቸው። ሐሙስ ይማራሉ፣ እኔ ከዚያ በኋላ ለየቤቱ አንድ አንድ ቀን አጭዳለሁ። ያንቺ ቀን እንደ አዋቂ ቀን አይቆጠርም ግን፣ አሉ መዳፌን ገልብጠው አይተው። "ልጅ በልጅ ነው።"
አንዱ ጎረቤት፣ ነገ ካርቱም ብትገባስ? አለ።
"ዋሷ እኔ ነኝ" አሉ አያ ታከለ። ስሜን እንኳ አያውቁም፤ የሱዳኗ ነው የሚሉኝ።

ኅዳር 24፣ ሐሙስ
መጡ! ሁሉም! ፊታቸውን ታጥበው፣ ራሳቸውን ቅቤ ተቀብተው። ክፍልፋይ አስተማርኩ። ስመኝ ሰሌዳ ላይ ተሳሳተች፣ ቆማ አሰበች፣ ራሷ አረመችው። እኔ ዝም አልኩ። ሱፐርቫይዘሩ እሷን ዝም ብለሽ መጠበቅሽ ደግ ነው አለኝ።
አለፍኩ። ከት/ቤቱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። እሰይ!

ኅዳር 25፣ ዓርብ፣ ማታ
ልምምዱ አለቀ። አባቴ ደወለ፣ ደስ ብሎታል። ለዕረፍት ነይ፣ እሑድ ወደ መተማ የሚሄድ ዘመድ አለ አለኝ። እሺ አልኩ። ልብሴን አጣጠፍኩ።
እውነቱን ልጻፍ። ማን ተከትሎ ይይዘኛል? ፈተናው አልፏል፤ ብርዱ አጥንቴ ገብቷል፤ ማጭድ ይዤም አላውቅ።
ግን ዛሬ የመጡትን ጥቂት ልጆች ስሰናበት ስመኝ ወደ ኋላ ቀረች። ሰዎች በአባቷ ያሾፋሉ አለችኝ። ዋስ የሆንክላት በመተማ በኩል ልትወጣልህ ነው ይሏቸዋል። እሳቸው "ትመጣለች" ብቻ ነው መልሳቸው። ይህን ስትነግረኝ መሬት መሬት ታያለች። ሚኒባሱ ውስጥ አፍሬ መጣሁ።

ኅዳር 26፣ ቅዳሜ
ሻንጣውን ፈታሁ። ነገ መድኃኔዓለም፣ ሰኞ አማኑኤል፣ ማክሰኞ በዓለ ወልድ። ረቡዕ አጨዳ እጀምራለሁ፤ ከአያ ታከለ ማሳ።
ለአባቴ ደወልኩ። አልመጣም፣ ወንፈል አለብኝ አልኩት። እሱ ራሱ ከዚህ አገር ማጭድ ጥሎ የወጣ ሰው ነው።
የስንት ቤት? አለ።
የዘጠኝ።
ዋስ አለሽ?
አለኝ።
"እንግዲያው ዘጠኙንም ጨርሰሽ ነይ" አለኝ፣ ድምፁ ልስልስ ብሎ።
እሺ አባዬ አልኩት። ከዚያ በኋላም እዚሁ ላስተምር ቆርጬ እንደማልመጣ አልነገርኩትም።