የኖርዌይ ዘር በቃሊቲ ጓሮ

ሰኔ 9፣ ማታ 1 ሰዓት

ዛሬም መብራት የለም፤ ፈረቃው የእኛ ሰፈር ነው። በሻማ ፈተና አርማለሁ። ወንድሜ ብሩክ አልጋው ላይ ተንጋሎ ስለ ዘር ይሰብካል። ስማኝ እንግዲህ ደብተሬ፣ ሌላ የሚሰማኝ የለም። ኖርዌይ ወረቀት ከልክላው ከፋሲካ በኋላ መልሳልናለች። ሥራ አይፈልግም። ይዞት የመጣው አንድ ጃኬት ነው፤ ገበሩ ውስጥ የሰፋው ደግሞ የሀሺሽ ዘር። ጓሯችን ሊተክለው ነው። ለእማዬ የፈረንጅ አበባ ነው ብሏታል፤ አምናለች።

ቤቱ የቀበሌ ነው፣ በእማዬ ስም። ቢገኝ የምትጠየቀው እሷ ናት። ማረሚያ ቤቱ ከበራችን ይታያል፤ ሩቅ አያስኬዳትም። ይህንኑ ነገርኩት። ፈሪ ነሽ አለኝ። ትልቁ ጀግና።

ሰኔ 12

ጌታው ምርጫ ላይ ነው። ሚስት እንኳ እንዲህ አትመረጥም። ሦስት ዓይነት ዘር አለው፤ በሦስት የክብሪት ሳጥን። አንዱ የሞቃት አገር፣ ረጅም፣ ቀጭን፤ እስኪደርስ ዕድሜ ይፈጃል። ተጣለ። ሁለተኛው አጭር፣ ቅጠለ ሰፊ፤ ብርዱን ይችላል ግን አበባው ጥቅጥቅ ስለሚል ዝናብ ሲበዛ ይሻግታል። ተጣለ። ሦስተኛው የብርድ አገር ሰዎች አዳቅለው ያወጡት ነው፤ ዝናቡንም ችሎ፣ ውርጭ ሳይቀድመው ቶሎ ይደርሳል። ይኼ አለፈ።

ምክንያቱን ሲያስረዳ ፕሮፌሰር ነው። የቃሊቲ ክረምት ማለት የኖርዌይ በጋ ማለት ነው፤ ያው ብርድ፣ ያው ዝናብ። ቁመቱ ከአጥር ይበልጣል ብሎ ከአሁኑ መከለያ ቆርቆሮ ያማርጣል። እኔ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። አንድ ነገር እንደረሳ ወዲያው ገብቶኛል። አልነግረውም። ይልፋ።

ሐምሌ 20

በቀለ። እማዬ በዚህ ሁሉ ዝናብ ውሃ ታጠጣዋለች። በረዶ ሲጥል የማዳበሪያ ጆንያ ይዛ ሮጣ ትሸፍነዋለች። ብሩክ ከረፋዱ በፊት መነሳት ጀምሯልና ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ ሥራ ያዘልኝ እያለች ነው። ሥራ!

የሚገርመው ደግሞ ሰርቪሷን የተከራዩን አ/አለቃ ሞላ ናቸው። የማረሚያ ቤቱ ጠባቂ። ጠዋት ጠዋት ጥርሳቸውን እየፋቁ የተክሉ መደብ አጠገብ ይቆማሉ፣ ይተፋሉ፣ ይሄዳሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲፈትሹ ኖረው አፍንጫቸው ሥር ያለውን አያዩም። ብሩክ ደግሞ ይህን እንደ ብልጠት ይቆጥረዋል፤ ከጠባቂ መስኮት ሥር ማን ይፈልጋል ይላል። አንዱ ደደብ፣ አንዱ ዕውር። መሃል ላይ እናቴ።

ነሐሴ 18

ጉድ ፈላ። ተክሉ ጉልበት እንኳ ሳይደርስ አበባ አወጣ። ብሩክ ሳሪስ ኢንተርኔት ቤት ድረስ ሄዶ ተመለሰ። መጀመሪያ አፈሩን ረገመ፣ ቀጥሎ ውሃውን፣ ቀጥሎ እኔን። የቡዳ ዓይን አለሽ ተባልኩ።

በመጨረሻ ነገርኩት። እዚያ ኖርዌይ በበጋ ፀሐይ አልጠልቅ ትላለች፤ ይኼ ዘር ቀኑ ረጅም ሲሆን ያድጋል፣ ቀኑ ሲያጥር ያብባል። የእኛ አገር ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ምስኪኑ ተክል ከአፈር ብቅ እንዳለ የኖርዌይ ክረምት ገባ ብሎ ተጣደፈ። ብሩክ ብርዱን አይቶ ፀሐይዋን ረሳ። ሳቅኩበት። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም። ንቀለውና ይብቃ አልኩት። እምቢ። ያለውን ያህል ከበዓሉ በኋላ እሰበስባለሁ አለ። ዝናቡ እስካለ ሽታው ብዙ አይወጣም። ዝናቡ ግን ሊያበቃ ነው።

መስከረም 1

እንቁጣጣሽ። እማዬ በየዓመቱ አደይ አበባ ከለምለም ሣር ጋር አስራ ለጎረቤት ትሰጣለች። ዘንድሮ ሣሩ አነሰኝ ብላ

ቆይ። በሥርዓቱ ልጻፈው። አ/አለቃ ሞላ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ወደ ሥራ ሲወጡ የመጀመሪያውን እስር ለእሳቸው ሰጠች። በልጇ አበባ ልትኮራ። በቢጫው መሃል ከብሩክ መደብ ቀጥፋ የጨመረችው ያ ጣት የሚመስል ቅጠል ወጥቶ ይታያል። አጎንብሰው ተቀበሉ፤ ዓመት ዓመት ያድርስልን ተባባሉ። ብብታቸው ሥር አድርገውት ወደ ማረሚያ ቤቱ ሄዱ። እኔ በር ላይ ደርቄ ቀረሁ። የቀሩትን እስሮች ቀምቼ እሳት ውስጥ ከተትኳቸው፤ እማዬ በዓል ቀን ምን ነካሽ ብላ ተቀየመችኝ። ጀግናው ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቷል።

መስከረም 2፣ ከሰዓት

ተመለሱ። አ/አለቃ ሞላ፣ ባዶ እጃቸውን። በራችን ላይ ተቀመጡ፣ ዳቦም አልቀመሱ።

«እትዬ ዘነበች፣ ያን አበባ ማነው የተከለው?»

እማዬ ፊታቸውን አየች። ብሩክን አየች። ብሩክ ጫማውን ያያል።

«እኔ ነኝ» አለች።

አፌን ከፍቼ ነበር፤ በዓይኗ ዘጋችው። ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ክፉ ነገር እንደሆነ ብቻ ከሰውየው ድምፅ ገባት። ያ ለግላጋ ጎረምሳ አሁንም ጫማውን ያያል። እናቱ እየተሸከመችለት። እንደዚያች ሰዓት ሰው ንቄ አላውቅም።

አ/አለቃ ሞላ ተናገሩ። ፍተሻው ጋ ሳይደርሱ አበባውን ቦይ ውስጥ ጥለውት ነው ያለፉት።

«ነገ ከሥራ ስመለስ ጓሮው አፈር ብቻ ይሁን። የልጆቻቸውን ጥፋት ተሸክመው የገቡ እናቶች አሉ፤ ጠዋት ማታ እቆጥራቸዋለሁ። እርስዎን መቁጠር አልፈልግም።»

ዕውር ያልኳቸው ሰው።

ሲሄዱ ለእማዬ ምንነቱን ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ታዲያ በቅሎለት ነበር እኮ» አለች።

መስከረም 3፣ ጠዋት 12 ሰዓት

ትናንት ለብሩክ ቁርጡን ነግሬዋለሁ። እማዬ ቤ/ክ ሳትሄድ ተነስቶ ፊቷ ይነቅለዋል፤ የእኔ ነው ብሎም በአፉ ይነግራታል። አለዚያ እኔ እነቅለዋለሁ፣ እሱንም ከነጃኬቱ። እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ነጋ። ያንኮራፋል።

ጓሮ የውሃ ድምፅ አለ። ዝናብ መስሎኝ ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሏል። በመስኮት አየሁ። እማዬ ናት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጎንበስ ብላ፣ በጆግ እያጠጣችው ነው።

እኔው ልነቅለው ነው። መጀመሪያ ግን ጆጉን ከእጇ እቀበላታለሁ።