ግድግዳው ከፈረሰ በኋላ

መሐል ሜዳ፣ የካቲት 5 ቀን 2005 ዓ.ም.

ልጄ ሳሌም፣

የመድኃኔ ዓለም ጥላ ያለሽበት አገር ድረስ ይከተልሽ፤ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ስሙ ይመስገን ደህና ነን። ገብሱ ጎተራ ገብቷል፤ ብርዱ ግን አልለቀቀንም።

ከዱባይ በላክሽው ፎቶ መሠረት ማድ ቤቱን አሠራነው። አናጢው ጌጡ ከሳሎን የሚለየውን ግድግዳ አፍርሶ በቦታው ባንኮኒ ሠራበት። የእንጨት ምድጃው ጓሮ ቀርቷል፤ ውስጥ የምሠራው በኤሌክትሪኩ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ አልወደድኩትም። «እንግዳ ሁሉ ድስቴን ሊያይ ነው?» ብዬ አባትሽን ስንት ቀን አኮረፍኩት። ክፍቱን የምጋርድበት መጋረጃም ገዝቼ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ አያትሽ እማማ ተናኘወርቅ ሳሎን ከሰል እየሞቁ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ቀና ስል የጋቢያቸው ጫፍ ተያይዟል! ባልዲውን ይዤ ሮጥኩና ውኃውን ደፋሁባቸው።

ብንን ብለው፣ «ምነው ልጄ፣ ጥምቀት አለፈ እኮ!» አሉኝ።

የተቃጠለውን ጋቢ ሲያዩ ግን እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙ። ተመስገን፣ ገላቸውን እሳት አልነካቸውም። ያ ግድግዳ ቢኖር ኖሮ መች አያቸው ነበር? አባትሽን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ መጋረጃውንም ለጎረቤት ሰጠሁት።

አንቺም ሥራ በዛብኝ ብለሽ ጦምሽን አትዋዪ፣ ልብስሽንም ደርቢ። እማማ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንድትደውዪላቸው ይለምኑሻል። ስለ እሳቱ ግን እንዳታነሺባቸው፤ ለሳሌም እንዳትነግሪያት ብለው ቃል አስገብተውኛል።

በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፣ ክፉ አይንካሽ።

እናትሽ ሰርካለም