ሁለቱም ጎዶሎ ታርጋ

ንፋስ ስልክ፣ ጥቅምት 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ አበልጄ፣
ደብረ ዘይት።

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራውስ? እኛ ቤት ሁሉም ደኅና ነው፣ ተመስገን። የክርስትና ልጅሽ ኤሌኒ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስታወራ ትረጫለች፤ ዝም በይ ቢሏት ደግሞ አትሰማም። ባለቤቴ ኢታና ደኅና ነው። እናቱ እማማ ገዲሴም ጉልበታቸው አልታዘዝ ከማለቱ በቀር ደኅና ናቸው። እኔም ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደኅና ነኝ ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ። ደኅና አይደለሁም፣ ውስጤ አላርፍ ብሎኛል። የተተኮሰ ልብስ መልሼ እተኩሳለሁ። ቁም ሳጥኑን ከዚህ ግድግዳ ወደዚያኛው አስገፋለሁ፣ ሲመሽ ወደ ቦታው አስመልሰዋለሁ። ኢታና አንቺ ሴት ምን ነካሽ ይለኛል። መኪና መግዛት ነው የነካኝ እለዋለሁ።

አዎ፣ መኪና ገዛን። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ላጫውትሽ።

ቀይዋን ታውቂያታለሽ። ፋብሪካው ሲወረስ ወደ አገሩ ከተመለሰው ጣሊያን ኢታና የገዛት፣ ጣሪያዋ የሚከፈት ባለሁለት ወንበር ስፖርት መኪና። ያኔ ኤሌኒ እቅፌ ውስጥ ነበረችና ሁለት ወንበር በቃን። ዛሬ ልጆቹ ሦስት ሆነዋል፣ እማማ ገዲሴም እርሻውን ለወንድሞቹ ትተው እኛ ጋ ገብተዋል። ቀይዋ ኢታናንና አንድ ሰው ትይዛለች፤ የቀረነው ውይይት ታክሲ ተራ እንቆማለን። ወደ ሀና ማርያም ደግሞ ከጋሪ በቀር የሚሄድ ነገር ስለሌለ፣ እማማ ገዲሴ ከቤተ ክርስቲያን መቅረታቸውን እያሰቡ እሑድ እሑድ በር ላይ ተቀምጠው ይተክዛሉ።

ቤንዚን ከጠፋ ወዲህ እንደምታውቂው አንዱ እሑድ ለሙሉ ቁጥር ታርጋ፣ ቀጣዩ ለጎዶሎ ሆኗል። የቀይዋ ታርጋ ጎዶሎ ነው። በጎዶሎው እሑድ ኢታና ተላጭቶ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ የቆመ መኪና ይበላሻል፣ ዓለም ገና ድረስ ሄጄ ሞተሯን ላፍታታት ብሎ ይወጣል፤ አመሻሽ ላይ ይገባል። አንድ ቀን እኔም ልሂድ ስለው ንፋሱ ያሳምምሻል አለኝ። ለሞተር ሽቶ የሚቀባ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዳይሆንብኝ ብዬ አልተናገርኩም።

መስከረም ላይ ዕቁቤ ወጣልኝ። ኢታና ሶፋ ግዢበት አለ። እኔ ደግሞ ልጆቹንና እናትህን የሚጭን የየቀን መኪና ነው የምፈልገው፣ ቀይህን አልነካብህም፣ ከጎኗ ሌላ ትቁም አልኩት። ቀይዋን ሽጥ ትለኛለች ብሎ ፈርቶ ኖሮ ፊቱ በራ። በማግስቱ ሙሄ የሚባል ደላላ ይዞ መጣ።

ሙሄ መጀመሪያ ያሳየን የአንድ አስተማሪ ቮልስ ነበር። ንጹሕ ነው፣ ጎማውም ደኅና ነው። ኢታና ግን ሞተሩን ሳያስከፍት ነው ዞሮ ታርጋውን ያነበበው። ሙሉ ቁጥር ነው። እንደ ልጅ ነው የሳቀልሽ። «በቃ፣ ሙሉው እሑድ የእናንተ፣ ጎዶሎው እሑድ የእኔ» አለኝ። ሙሄም ዘንድሮ ሁለተኛ መኪና የሚገዛ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፣ ጎዶሎ ያለው ሙሉ፣ ሙሉ ያለው ጎዶሎ ይላል አለ። እኔም ወድጄው ነበር። ቀብድ ልሰጥ ቦርሳዬን ከፍቼ ነበር ብልሽ አታምኚኝም። ግን ሙሄ ሳሪስ ላለ ነጋዴ ደንበኛ አመጣልሃለሁ ብሎ ቃል ስለገባ፣ ለይሉኝታ ያንንም እንይለት ብሎ ለመነኝ። ኢታና ሥራ ስለነበረው እኔው ከሙሄ ጋር ሄድኩ።

ነጋዴው ከድር ይባላል። ከሞጆ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመጣል። ፔጆው ባለሦስት ረድፍ ወንበር ነው፣ አርጅቷል፣ ከውስጥ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል፤ ታርጋው ደግሞ ጎዶሎ ነው። አይቼ ልመለስ ስል ከድር ወንበር አውጥቶ አስቀመጠኝና የመኪናውን ገድል ይዘረዝርልኝ ጀመር። «እትዬ፣ ሞጆ ድረስ ጭኜ ስመላለስባት አንድ ቀን አላሳፈረችኝም» አለኝ። «ሩጫ ከሆነ ግን አልዋሽዎትም። የጋሽ ኢታና ቀይዋ ዱከም ላይ አቧራ አልብሳኝ ነው የምታልፈው። በጎዶሎው እሑድ ሁሌ እንገናኛለን እኮ፣ እጃቸውን ያውለበልቡልኛል።»

አበልጄ፣ ዱከም በዓለም ገና መንገድ አይደለም።

ከድር የዋህ ሰው ነው፣ ክፋት አስቦ አይደለም የነገረኝ። ውሃ ስጡኝ አልኩ። ሚስቱ ከድጃ አመጣችልኝ፤ ግማሹን ደረቴ ላይ አፈሰስኩት። ፀሐዩ ነው አልኳት። ከዚያ ተነሥቼ ፔጆውን አንዴ ዞርኩትና ይህንን ነው የምገዛው አልኩ።

ሙሄ ደንግጦ ወደ ጥግ ወሰደኝ። «እትዬ፣ ሁለቱም ጎዶሎ ከሆኑ አንዱን እሑድ ሁለቱም ግቢ ይውላሉ፣ ሌላውን እሑድ ሁለቱም ይወጣሉ። ምን ጥቅም አለው?» አለኝ። ጥቅሙን እኔ አውቀዋለሁ አልኩት። ደላሎቹ ዘንድ ሙሉና ጎዶሎ የማትለይ ሴት ተብዬ መሳቂያ ሆኛለሁ አሉ። ይሳቁ።

ኢታና ማታ ሲገባ ፔጆውን ግቢ ውስጥ አገኘው። ታርጋውን አይቶ ብዙ ቆመ። ተሳስተሻል፣ ከድርን እኔ አነጋግረዋለሁ፣ ይመለስ አለ። ሰባት ሰው ይጭናል፣ እናትህ እግራቸውን ይዘረጉበታል፣ ስሙም ዞሯል አልኩት። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እማማ ገዲሴ በምርኩዛቸው ወጡ፣ የፊተኛውን በር አስከፍተው ገቡና ተደላድለው ተቀመጡ። «ገላቶሚ ልጄ» ብለው አመሰገኑኝ፣ እንባቸው መጣ። እናቱን ከዚያ ወንበር ላይ ማን ያስነሣቸዋል? ነገሩ በዚሁ አበቃ።

ጎዶሎው እሑድ ደረሰ። ኢታና ተላጭቶ፣ የቀይዋን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ወጣ። እኛ ለባብሰን ፔጆው ውስጥ ተቀምጠናል፤ ልጆቹ ከኋላ፣ እናቱ ከፊት፤ ከእሱ በቀር መንዳት የሚችል የለንም። በሁለቱ መኪኖች መካከል ቆሞ አንዴ ያቺን፣ አንዴ ይህንን ያያል። እውነቴን ነው የምልሽ፣ አሳዘነኝ። ደግሞ ወዲያው ሰውነቴ በንዴት ጋለ። እናቱ ቅዳሴ ሊያልቅ ነው፣ ምን ቆመህ ትጠብቃለህ አሉት። ቁልፉን ኪሱ ከተተና ገብቶ ነዳ። ሀና ማርያም አደረሰን። ያን ዕለት እናንተ ዘንድ ቀኑ እንዴት ዋለ? ረዘመ?

በሥራ ቀን ፋብሪካው አይለቀውም። በአውቶቡስ ተጋፍቶ የሚሄድ ሰውም አይደለም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ሙሉው እሑድ ሲመጣ ሁለቱም መኪኖች ቆመው ዋሉ። እሱ ቀይዋን ሲወለውል፣ እኔ ግቢውን ሁለት ጊዜ ስጠርግ፣ እማማ ገዲሴ እናንተ ሰዎች ጉንዳን ገብቶባችኋል ወይ አሉን።

ትናንት ራት ላይ እሳቸው ራሳቸው አንድ ነገር አመጡ። አበልጅ ማለት የሥጋ ዘመድ ነው፣ የኤሌኒን የክርስትና እናት ይህን ያህል ጊዜ ሳንጠይቅ መቅረታችን ነውር ነው፣ አሁን መኪና አለን፣ በሚመጣው ጎዶሎ እሑድ ደብረ ዘይት እንሂድ አሉ። ልጆቹ ዘለሉ። እኔም ክረምት ላይ ቤት መቀየሯን ጽፋልኝ ነበር፣ አዲሱን ማናችንም አላየነውም፣ ከተማ ገብተን ጠይቀን እናገኘዋለን አልኩ። ኢታና ጋዜጣ እያነበበ ነበር። «ምን መጠየቅ ያስፈልጋል፣ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ ሰማያዊው በር ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ የጋዜጣው ገጽ አልተገለጠም። እማማ ገዲሴ ጉርሻቸውን ይዘው ቀና ብለው አዩት። እኔ ለትንሹ ልጅ ማጉረሴን ቀጠልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።

እንግዲህ እንመጣለን፣ ሁላችንም። ምሳ ብለሽ አትድከሚ፣ ከዚህ ይዘን እንመጣለን። ይህን መጻፌን ኢታና አያውቅም፣ ነገ ራሴ ፖስታ ቤት አደርሰዋለሁ። በሩን ከፍተሽ ከተቀበልሽን፣ ልጅሽን ስመሽ፣ አማቴን እጅ ነሥተሽ፣ ኢታናን እንደ ወንድም ዓይኑን አይተሽ ሰላም ካልሽው፣ በአንድ ትሪ በልተን እንመለሳለን፤ ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ጉዳይ ከእኔ ቃል አትሰሚም። ሰማያዊው በር ተዘግቶ ካገኘሁትም አላንኳኳም። ለኤሌኒ ሥራ ሩቅ አገር ወሰዳት እላታለሁ፤ ልጅ ናት፣ ትረሳለች። ናፍቀሽኛል ያልኩሽ ግን ለደብዳቤ ወግ አይደለም። ከሁሉ ይልቅ ያስለቀሰኝ ይህ ነው፤ ይህን ጉድ ተቀምጬ የማወራላት ሰው ባጣ ጊዜ የመጣሽብኝ አንቺ ነሽ።

ማርያም በምሕረቷ ትጎብኝሽ። ደጅሽ የሚቆመውን እንግዳ በንጹሕ ፊት የምትቀበዪበት ልብ ትስጥሽ፤ ለእኔም የምችልበትን።

የክርስትና ልጅሽ እናት