የአሥራ ሰባቱ አንዶች መምህር፣ ይበልጣል ግዛቸው

ወይኔ፣ ከሁሉ በፊት ይሄን ስሙ! አባባ ይበልጣል አሥራ ሰባት አንዶች በተርታ ደርድረው፣ 11111111111111111፣ ይቺን ቁጥር ሠላሳ ዓመት ሲያካፍሏት ኖሩ። በእጃቸው እኮ ነው! ከራሷና ከአንድ በቀር ማንም እኩል የማያካፍላት፣ ብቸኛ ቁጥር መሆኗን ሊያረጋግጡ።

እሺ፣ ከመጀመሪያው። መምህር ይበልጣል ከአባታቸው ከአቶ ግዛቸው እንደሻውና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሸዋዬ ወልደ ጊዮርጊስ በ1944 ዓ.ም. ጮሌ ከተማ ተወለዱ። እዚያው ፊደል ቆጥረው፣ ሁለተኛ ደረጃን አሰላ ጨረሱ፤ ከ1966 ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ እዚሁ አሰላ ሒሳብ አስተማሩ። በ1970 ወ/ሮ አሰፋችን አግብተው መቅደላዊትን ወለዱ።

ቁጥሯን የያዟት በ1978 ነው። ዘዴም አገኙላት፦ የሚያካፍላት ቁጥር ቢኖር፣ ያ ቁጥር ለ34 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ እየዘለሉ እነዚያን ብቻ በየተራ ሞከሩ። አንዱም እኩል አልገባ አለ።

ወ/ሮ አሰፋች ራት ሲያቀርቡ፣ ቁጥሯን ማለታቸው ነው፣ "እንዴት ነው፣ ልጅቱ ዛሬም ባል አላገኘችም?" ይሏቸዋል።

"ይመስገን፣ አላገኘችም!"

የሰፈር ጎረምሳ ሁሉ፣ "በርሲሳ፣ ዛሬስ ተካፈለች?" እያለ ይቀልድባቸው ነበር፤ በርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። የልጅ ልጃቸው ሮሐ፣ "አባባ፣ በስልክ ልይልዎት?" ስትላቸው ግን ተቆጡ። "ስልክ ከነገረኝማ እኔ ምኑን አወቅኩት!"

ሁለት ሚሊዮን ላይ ሲደርሱ ስኳር ዓይናቸውን ወሰደባቸው። በቃ፣ "እስከዚህ ካልተካፈለች አትካፈልም" አሉ። ተማሪ እንዲህ ቢል በቀይ ያርሙት ነበር፤ እሳቸውን ማን ያርማቸው? በ2012 ወ/ሮ አሰፋች ሲያርፉ፣ "እኔም እዚሁ አጠገቧ ነኝ፤ ድንጋያችን ላይ ቁጥሯን ጻፉልኝ" ብለው ተናዘዙ። ኩላሊታቸው ደክሞ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው አረፉ።

ትናንት ሮሐ ቁጥሯን ለሐውልት ሠሪው ልትልክ ስትል ስልኳ ላይ ሞከረቻት። ተካፈለች። በ2,071,723። አባባ ከቆሙበት ትንሽ አለፍ ብሎ እኮ ነው! ዓይናቸው አንድ ዓመት ቢታገሳቸው ይደርሱበት ነበር። ደግሞ የሚያናድደው፣ ሁለት አንዶች ቢጨመሩባት፣ አሥራ ዘጠኝ ብትሆን፣ የእውነት ብቸኛ ቁጥር ናት። ሳያውቁ ሄዱ።

ልጃቸው መቅደላዊትና የልጅ ልጃቸው ሮሐ ቀርተዋል። እግዚአብሔር የደከመ ዓይናቸውን ያብራላቸው፣ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።

ሐውልት ሠሪው ከሰዓት ይደውላል። እንደ ኑዛዜያቸው አሥራ ሰባት ይጻፍ? ወይስ ሁለት ይጨመር፣ አንዱ ለእሳቸው፣ አንዱ ለወ/ሮ አሰፋች? እሳቸውን መጠየቅ አይቻል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?