ከወንድሜ ራስ የወጣው

ለምሳሳልሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያምሻል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? የአባዬ ሳል ለቀቀው? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ማለት እሰፋለሁ፣ እበላለሁ፣ ሰው ሲያወራኝ እመልሳለሁ ማለት ነው። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም ብዬ እንዳልጽፍ፣ የጎደለብኝን ታውቂዋለሽ።

ባለፈው በስልክ አፌ አምልጦኝ፣ በቀዶ ጥገናው ከወንድሜ ራስ የወጣው ቁራጭ እዚህ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቀርቷል ስልሽ፣ «ታዲያ ልጄን ሙሉውን አልቀበርኩትም ማለት ነው?» አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ በህልምሽ በር ላይ ቆሞ ራሱን እየዳበሰ «የቀረውን አምጡልኝ» እንደሚልሽ ታናሿ እህቴ ነገረችኝ። እኔም ፈልጌ እንዳመጣልሽ አዘሽኛል። ሄጄ ነበር፤ የሆነውን ልንገርሽ።

የተቀበለችኝ ተመራማሪዋ ናት፤ ለዚህ ክፉ የአንጎል ካንሰር መድኃኒት የምትፈልግ፣ ዓይኗ ከድካም የቀላ ሴት። ቁራጩ ጠርሙስ ውስጥ ተዘፍዝፎ የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን «በሕይወት አለ» አለችኝ። እማዬ፣ «የት?» ብዬ ተከተልኳት።

የሰው ገላ ያህል የሚሞቅ ትንሽ ቁም ሳጥን አላቸው። በሩን ብነካው፣ ትኩሳት እንደያዘው የወንድሜ ግንባር ይሞቃል። እዚያ ውስጥ በስስ ሳህን ላይ ካንሰሩ ምግቡን እየተመገበ ይባዛል። በማጉያ መነጽር አሳየችኝ፤ ጫፉ እንደተተረተረ ክር እዚህም እዚያም ይዘረጋል። ሐኪሙ ለምን ጠርጎ ሊያወጣው እንዳልቻለ ያኔ ገባኝ። ጨርቅ ላይ የፈሰሰ ዘይት ዳሩ አይታወቅም፤ ልቁረጠው ብትዪ ደህናውን ጨርቅ ትጨርሺዋለሽ። ብዙ መድኃኒት ሞክረውበት አንዱም አልበገረውም። የበሽተኛው ስም ስለማይጻፍበት «እምቢተኛው» ይሉታል።

እንዲያ ጠልቼው ሳለ፣ ሴትዮዋ ሳህኑን ልትመልስ በሩን ከፍታ ብትቆይብኝ «ቶሎ ዝጊው፣ ይበርደዋል!» ብዬ ጮህኩባት። ምን እንደነካኝ አላውቅም። ልጅሽን ለበላው አውሬ ብርድ እንዳይነካው ሳሳሁለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ካውያ ባነሳሁ ቁጥር ሙቀቱ ያንን በር ይመስለኛል። መቀሴ ቀጭ ሲል፣ ወንድሜ እንደ ልማዱ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚያፏጭ ይመስለኝና ዞር እላለሁ። ማንም የለም። መዞሩን ግን አልተውኩም።

ቤተሰቡ አይሆንም ካለ ሥራውን አቁመው ያስረክቡኛል፤ ሴትዮዋ ራሷ ነግራኛለች። ግን ያላወቅሽው ነገር አለ። ለምርምር ይሁን ያለው ሐኪሙም እኔም አይደለንም፤ ራሱ ነው። በአልጋ እየገፉ ወደ ቀዶ ጥገናው ሲወስዱት ሐኪሙን «የምታወጣውን ነገር ሥራ አስገባልኝ፤ ሥራ ፈት ሆኖ ነው ራሴ ውስጥ የሚያውደለድለው» አለው። ነርሶቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ያ የመጨረሻ ቀልዱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ንግግሩ ተወላገደ።

አሁን አዲስ መድኃኒት ሊሞክሩበት ነው፤ የሰውነታችን መከላከያ ካንሰሩን ለይቶ እንዲያጠቃ የሚያደርግ። ይሠራል ብላ ቃል አልገባችልኝም። «እምቢተኛው ከተረታ ሌላውም ይረታ ይሆናል ብለን ነው እሱን የመረጥነው» ብቻ አለችኝ።

እማዬ፣ እግርሽ ላይ ወድቄ እለምንሻለሁ። ልጅሽን ሙሉውን ቀብረሽዋል። እዚህ የቀረው ገዳዩ ነው። እሱን ከልጅሽ ጎን አታስተኚው፤ መጀመሪያ ሲሞት ልየው። አይሆንም ካልሽ ግን እናት ነሽና ከቃልሽ አልወጣም፤ ይዤው እመጣለሁ።

አባዬን አቅፈሽ ሳሚልኝ፤ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፣ ሰበብ አያብዛ። ታናሿን ህልምሽን ሳትደብቅ ስለነገረችኝ አመስግኚልኝ። አክስቴን የላከችው ሹራብ ልክ ሆነኝ በያት። ጎረቤታችን ብረት ሠሪው የወንድሜን ብስክሌት ይንዳት፣ ቆማ እንዳትዝግ። አንቺ ደግሞ፣ ፈቃድሽ ከሆነ፣ መቃብሩ ጋ ስትሄጂ ያ ሥራ ፈት ሥራ ገባ ብለሽ ንገሪልኝ። ከሰማ ይስቃል።

ልጅሽ
ከስፌት ቤቱ፣ ከመስኮቱ አጠገብ
የካቲት እኩሌታ