የብስክሌቴን የኋላ ዕቃ መጫኛ ለመረጡልኝ ለእድራችን ሊቀመንበር

ለተከበሩ አቶ ደረጄ
በቤይሩትና አካባቢዋ የ«አለሁ ባይ» መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
አሽራፊዬ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የኮሚቴው አባላትስ፣ ማኅተሙስ፣ የማኅተሙ ቀለምስ ደኅና ናቸው? እኔ አባልዎ መቅደላዊት ከታጠፈ ጎማና ካበጠ ጉልበት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በእድራችን የዋትሳፕ ገጽ ላይ ሁሉም እንዲያነበው ያወጣሁት፣ በግል የጻፍኩልዎት ሁሉ «ለአጀንዳ ተይዟል» የሚል መልስ ስላገኘና መላው ስለጠፋኝ ነው።

እንደሚያውቁት እህታችን አስካለ የልብ ሕመምተኛ ናት፤ ከቤይሩት በላይ ባለው ተራራ አንዲት አሮጊት እየጠበቀች በምትኖርበት መንደር የልብ መድኃኒት አይገኝም። ወደዚያ የሚወጣው ቫን ከጦርነቱ ወዲህ ቀርቷል፣ ታክሲው የሚጠራው ዋጋም የወር ደመወዛችንን ይውጣል። ስለዚህ ቨርደን ሰፈር ቤቷን የማጸዳላት ማዳሜ ልጅ ወደ ውጭ ሲሄድ የተወልኝን ቀላል ብስክሌት ይዤ፣ ቅዳሜ ወጥቼ እሷ ዘንድ አድሬ እሑድ ልመለስ አሰብኩ። መድኃኒቷን፣ የዱቄት ወተቷን፣ ብርድ ልብስና የዝናብ ልብሴን በጀርባዬ ልሸከም አልችልም፤ ጀርባዬን የማዳም ምንጣፎች ጨርሰውታል። ከእድሩ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቀላል የኋላ ዕቃ መጫኛ። ለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ፕሮፎርማው አመሰግናለሁ። ሳብራ ገበያ ውስጥ ከመቀመጫው ዘንግ ጋር የሚታሰር፣ በአንድ እጅ የሚነሳ የአሉሚኒየም መጫኛ አግኝቼ፣ ሻጩም እስክመለስ ሊያቆይልኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። እርስዎ ግን እዚህ ባሕር ማዶም የአገራችንን የግዥ ሥርዓት አክብረው ከሦስት ሱቆች ፕሮፎርማ እንዳመጣ አዘዙኝ። ያንኑ አስፋልት ላይ ሸራ ዘርግቶ አሮጌ ዕቃ የሚሸጠውን ሰውዬ ማኅተም ያረፈበት የዋጋ ማቅረቢያ ብጠይቀው፣ የመንግሥት ሰላይ መሰልኩትና ሸራውን ጠቅልሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

፪ኛ. ስለ ምርጫው አመሰግናለሁ። ሌላ ቀላል መጫኛ ፈልጌ ባመጣሁ ጊዜ፣ በስብሰባው ፊት አንስተው መዘኑትና፣ የመርካቶ ልጅ በስስ ብረት እንደማይታለል፣ ዕቃ ማለት ከበድ ያለ እንደሆነ አስተማሩን። ከዚያም የጋዝ ሲሊንደር ከሚያመላልስ ሰው የገዙትን የብረት መጫኛ አስመጥተው፣ ጥንካሬውን ለማረጋገጥ የተከበረ ሰውነትዎን አስቀመጡበት፤ ጉባኤውም አጨበጨበ። የእኔ ብስክሌት የብሎን ቀዳዳ እንኳ የሌላት ቀጭን ፍጡር ናት። መጫኛዋ መመረጥ የነበረበት በሚጫነው ዕቃ ልክ እንጂ በሚቀመጥበት ሊቀመንበር ልክ አልነበረም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

፫ኛ. ብስክሌቴ የብሎን ቀዳዳ ስለሌላት መጫኛው በሽቦ እንዲታሰር ወስነው ስላሳሰሩልኝም አመሰግናለሁ። ፔዳሉን በመታሁ ቁጥር ተረከዜ መጫኛው ላይ ከተንጠለጠለው ሻንጣ ጋር ይጋጫል ብዬ ሳመለክት፣ አረጋገጤን እንዳሻሽል ተመክሬአለሁ።

፬ኛ. በመጨረሻ ስለ ጉዞው። እባክዎ ይፍጠንልኝ ባልኩ ቁጥር «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሉኝ ነበር። እውነት ነው። በዝግታ፣ በኮሚቴ፣ በቃለ ጉባኤ ያስታጠቁኝ ግን የተራራው ዳገት እንደ ጀመረ ተፈታ። መጀመሪያ የብስክሌቱ ኋላ ከብዶ የፊት ጎማዬ እንደ እልኸኛ በቅሎ ከመሬት ተነሳ፤ ቀጥሎ ሽቦው ተበጠሰና ብረቱ የኋላ ጎማዬ ውስጥ ገባ፤ እኔም አስፋልቱ ላይ ተዘረጋሁ። ብስክሌቴን እየጎተትኩ፣ መድኃኒቱን ይዤ፣ ወደ መጣሁበት ተመለስኩ። ያን ቀን የተራራውን መንደር እያየሁት ጀርባዬን መስጠቴ እስካሁን ያንገበግበኛል።

በማግስቱ አስካለ በድምፅ የላከችልኝን ቃል በቃል ለኮሚቴው አስመዘግባለሁ፦ «መቅዲዬ፣ ኪኒኑ ኸላስ፣ አልቋል። ማዳሜን ሳጥባት ልቤ ይደልቃል፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። አንቺ ግን ስትቸኩዪ እንዳትወድቂ፣ እሺ?»

መውደቄን አልነገርኳትም።

ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። ልጆች ሆነን ከደሴ አንድ ላይ ተነስተን፣ አንድ አውሮፕላን ላይ እያለቀስን የመጣን ሰዎች ነን፤ ከእሷ ሌላ እዚህ አገር ሰው የለኝም። ጎማዬን ለማስተካከልና ቀላሉን መጫኛ ለመግዛት የሚያስፈልገኝ አንድ የእርስዎ ፊርማ ነው። ጸሐፊያችን ሩቅያ ግን ጉዳዩ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ መያዙን፣ ከዚያ በፊትም ብረቱ ለምን እንደተጎዳ የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ መቋቋሙን አብስራኛለች። ንዑስ ኮሚቴው ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ የአስካለ ልብ እንዲታገስ በየትኛው አንቀጽ ልጠይቀው?

ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለምን፣ ለመላው ኮሚቴ ረጅም ዕድሜና የበለጠ ረጅም ስብሰባን እየተመኘሁ፣ ከመሬት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

መዋጮዋን አጓድላ የማታውቀው አባልዎ፣
መቅደላዊት

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ የእድራችንን ደንብ እንደገና አነበብኩት። አንድ አባል ሲሞት አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ለመሸኘት የሚያስፈልገው ሁሉ ያለ ፕሮፎርማና ያለ ስብሰባ በዕለቱ ይፈጸማል ይላል፤ በዚህ ረገድ እድራችን ሰንፎ አያውቅም። አስካለ ይህን ደንብ ስላላነበበች፣ እስካሁን በሕይወት ሆና ኮሚቴውን ማስቸገሯን በእሷ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።